ሳበው

ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ፣ አስፋልቱ ካለቀ፣
ኮንዶሚኒየሙ ከጤፍ ማሳ ጋራ ከተጣበቀ፣
አራተኛ ፎቅ ላይ ወንድሜ ተኝቷል።
ከጉሮሮው በታች ቀዳዳ ወጥቶለት፣ ቱቦ ገብቶበታል።
አፍንጫው ለጌጥ ነው፣ አፉም ለፈገግታ፤
ነፍሱ ወጥታ የምትገባው በጣት ወርድ ቦታ።

ዳምጠው ነው ስሙ። የታክሲ ረዳት ነበረ፣
ከቃሊቲ ሳሪስ፣ ከሳሪስ ስታዲየም ሲጣራ የኖረ።
«ሁለት ሰው የቀረው!» ይል ነበር፣ ግማሹ ሳይሞላ፤
በዚያች ውሸት ድምፁ ነው የኛ ቤት የበላ።
እኔ የተማርኩባት፣
እናታችን ኩላሊቷን የታከመችባት፣ እስካረፈች ዕለት።

አንድ ሐሙስ፣ በሩ ላይ እንደተንጠለጠለ፣
ሲኖትራክ መጣ።
የቀረውን ሐኪም ያውቀዋል። እግሮቹ ዝም አሉ፣
ግራ እጁ ዝም አለ፣
ያ ሰፈር የሚቀሰቅስ ጉሮሮ፣ እሱም ዝም አለ።

ስንወጣ፣ ሲስተር ብርዛፍ በር ድረስ ሸኘችን።
«ማሽኑ አይደለም ዋናው» አለችኝ፤
«ሲንኮራኮር፣ ሲያፏጭ፣ ሲደርቅ ለየው። አዳምጠው።»
ሳቅኩኝ። በስሙ ላይ አንዲት «አ» ነው የጨመረችው።
ዕድሜዬን ሙሉ ስጠራው ኖሬ፣
ያቺ ፊደል መጉደሏን ማወቄ ገና ዛሬ።

አሁንማ እለያለሁ።
ሲደርቅ እንደ ገለባ ይንኮሻኮሻል፤
ሲሞላ፣ ማክሰኞ ውሃ ሊመጣ ሲል
ቧንቧችን አየር እየተፋ እንደሚያስለው፣ እንዲያ ይስላል።
የውስጡን ቱቦ አውጥቼ እቀቅላለሁ፣
የሱ ድስት ለብቻው ነው፣ ሽሮ አያውቅም።
መምጠጫው ላስቲክ «ለአንድ ጊዜ» ይላል ካርቶኑ፤
ካርቶኑ ዋጋውን አያውቅም።
የካባው አቧራ እንዳይገባ፣
ጎዝ አርጥቤ ደጁ ላይ አንጠለጥላለሁ፤
አልጋው ሥር ተቀምጬ የሰው ሞባይል እጠግናለሁ።
ሲፈልገኝ በማንኪያ የአልጋውን ብረት ይመታል፤
አንዴ፣ ጠማኝ። ሁለቴ፣ ገልብጠኝ።
ሦስቴ ከሆነ ምንም አልፈለገም፣
«አለህ?» ሊለኝ ነው።
ጎረቤት «ጸበል ውሰደው» ይላል፣ ክፋት የለውም፤
በዚያች ደጅ ውሃ ከገባ፣
ሰው አልጋው ላይ እንደሚሰጥም አያውቅም።

አንድ ሌሊት (ይህን ለማንም አልነገርኩም)
ሲንኮራኮር ሰምቼ ቶሎ አልተነሣሁም።
እስከ ዐሥር ቆጠርኩ።
መብራቱን ሳበራ ዓይኑ ክፍት ነበር፤
ለካ እሱም አብሮኝ ሲቆጥር ነበር።

ሰኔ ገባና፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣ መብራት ሄደ።
ማሽኑ አንዴ አጉረመረመ፣ ተወ።
ከማሳው ማዶ ጅብ ብቻ።
ስልኬን በጥርሴ ነክሼ፣ ብርሃኑን አንገቱ ላይ ጥዬ፣
ትልቁን ስሪንጅ ከላስቲኩ ጋር አጋጥሜ
ሳብኩ፤ እምቢ አለ።
ጨው ውሃ፣ ሁለት ጠብታ።
ሳብኩ፤ እምቢ አለ።
ከንፈሩ ጠቆረ። እኔ እስከ ስንት እንደቆጠርኩ አላውቅም።
በሦስተኛው መጣ፣ እንደ ሙጫ ወፍራም፣ የደም ክር ያለበት፤
ከዚያ ያ ፉጨት፣ ንጹሕ፣
እንደ እሑድ ማለዳ መንገድ ጭር ያለ፣ የጸዳ።
ቀኝ እጁ ተነሣች። ጣቱ ወዲያ ወዲህ ሄዳ
ቀዳዳዋን አገኘች፣ ደፈነች።
ከዓመት ከመንፈቅ ወዲህ የመጀመሪያዋ ቃል
እንደ ዛገ የታክሲ በር ሲጢጥ ብላ ወጣች፤
«ሳበው።»

የቀረ አክታ ኖሮ ይሁን፣
ወይስ በሩን መትቶ ለሾፌሩ እንደሚለው፣
አልጠየቅኩትም።
መብራቱ አልመጣም። ስሪንጁን በፔርሙዝ ውሃ አጠብኩ።
ከቤቱ
ሁለት ሰው የቀረው።